በረከትና ቍጥር

በአገራችን በብዙ ስፍራ እህል በአውድማ ላይ ሲሰበሰብ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቍጠር ነውር ነው። ቍጥር በረከትን ያርቃል ይባላል። ከብትም እንዲሁ ነው፤ «ስንት ላሞች አሉህ?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ በክፉ ዓይን ይታያል። ይህን ያሉት አባቶች ሞኞች አልነበሩም። ያገኘውን ቈጥሮ የሚናገር ሰው በዚያ ዘመን ግብር ሰብሳቢንና ሌባን ወደ ቤቱ ይጠራ ነበርና፣ ዝምታቸው ለጎተራቸው አጥር ነበረ። ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የደረሰበትንም ከካህናት ሰምተዋል።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ገበሬ ከገበያ የሚገዛው ከጨውና ከብረት ብዙ የሚያልፍ አልነበረም። የዛሬው ገበሬ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ምርጥ ዘር ይገዛል፤ የአረም መድኃኒት፣ የከብት መድኃኒት፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይገዛል፤ በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያመርተውም ለኮምባይነር በኵንታል ይከፍላል። እርሻው፣ ወደደም ጠላም፣ ንግድ ሆኖአል። ጠላ የምትሸጥ ባልቴት እንኳ ጌሾውና ብቅሉ ስንት እንደ ፈጀባት በቃሏ ታውቃለች፤ አንድ ጥማድ ማሳ ስንት ብር እንደ ዋጠበት የሚያውቅ ገበሬ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጠቤ ከአባትህ ጋር አይደለም፤ ካንተ ጋር ነው። አባትህ ፊደል ሳይቈጥሩ አንተን ያስተማሩህ በሬ ሸጠው ነው። አንተ በትምህርት ቤት የወለድን ሒሳብ ሠርተህ ሙሉ ነጥብ አገኘህ፤ ለዕረፍት ወደ ቤትህ በተመለስህ ጊዜ ግን ያ በሬ በስንት ተገዝቶ በስንት እንደ ተሸጠ አልጠየቅህም። ስለ ገበሬ ኋላ ቀርነት በከተማ ትናገራለህ፤ እርሳስህን ግን ከከተማ አላወጣሃትም።

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የከሳ በሬ በ40 ሺህ ብር ገዝቶ፣ 90 ቀን ቀልቦ፣ ለፋሲካ በ60 ሺህ ብር ሸጠ እንበል። «20 ሺህ ብር አተረፍሁ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ዘመድም ይጋብዛል። ፋጉሎና ፉርሽካ 11 ሺህ ብር ወስዶ እንደ ሆነ፣ ከገዛ ማሳው የመጣውና ሊሸጠው ይችል የነበረው ጭድ 4 ሺህ ብር የሚያወጣ እንደ ሆነ፣ ለመድኃኒት፣ ለመኪናና ለደላላ 2 ሺህ ብር ወጥቶ እንደ ሆነ፣ የቀረለት 3 ሺህ ብር ነው፤ ይህም በቀን 33 ብር ያህል ይሆናል። በየማለዳው ተነሥቶ ውሃ ያጠጣውና እበት የጠረገው ልጅ ከዚያ ላይ ገና ድርሻውን አላነሣም። ማድለብ ክፉ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ያተረፈውና የከሰረው ሰው በአንድ ዓይነት ፈገግታ ከገበያ ሲመለሱ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

በእህልም ነገሩ ያው ነው። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቶ በጥር ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በዚያው ወር ዕዳውም፣ ግብሩም፣ ሰርጉም ተያይዘው ይመጣሉ። ገበሬው ይሸጣል። በሐምሌ ያው ገበሬ ጆንያውን አጣጥፎ፣ በጥር የሸጠውን የመሰለ እህል በውድ ዋጋ ሊገዛ ይወጣል። ጤፍን እንደ በቆሎና እንደ ባቄላ ነቀዝ አያጠፋውም፤ በደረቅ ጎተራ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ የሚያጣድፈው እህሉ አይደለም። ቤተሰቡ እስከ አዲሱ ምርት ስንት ኵንታል እንደሚበላ በጥር የሚያውቅ አባወራ ሰርጉን ያሳንስ ነበር፤ ወይም በግ ሸጦ ጤፉን ያቈይ ነበር።

የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በናረበት በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አንዱ እንደ ልማዱ በማሳው ሁሉ ላይ ለመበተን ተበደረ፤ ሌላው ተቈጥቶ ጨርሶ ተወ። የትኛው ማሳ ወጪውን በምርት እንደሚመልስ ለይቶ ሊያውቅ የሚችለው ያለፉትን ዓመታት የጻፈ ሰው ብቻ ነበረ። ስለ ላሞቻችንማ ምን እላለሁ? በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች አንደኛ ነን እንላለን፤ የአገራችን ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ግን በአማካይ 2 ሊትር አይሞላም። ይኸኛውን ቍጥር የሚፎክርበት ሰው አላየሁም።

«ገበሬውን የጐዳው ደላላውና መንገዱ ነው እንጂ መዝገብ ማጣቱ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ከፊሉ እውነት ነው፤ ድልድይ በሌለበት ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ደብተር ስለ ያዘ ብቻ አይሻገርም። ይሁን እንጂ ደላላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ወጪውን የማያውቅ ሻጭ ነው። አንድ ኵንታል ስንዴ ስንት እንደ ፈጀበት የሚያውቅ ሰው ከዚያ በታች ሲጠሩለት ፊቱን ያዞራል፤ የማያውቀው ግን ቀኑ እንዳይመሽበት ብቻ ይፈራል። በ1996 ዓ.ም. ስለ መጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ እህሉን በመጋዘን ያስቀመጠ ሰው ደረሰኙን መያዣ አድርጎ እንዲበደር የታሰበ ነው። ሕጉ መልካም ነው፤ መቼ መሸጥ እንደሚሻለው ላላሰላ ሰው ግን ደረሰኙ ሌላ ወረቀት ነው።

እንግዲህ በመጪው ዕረፍት ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝተህ ወደ ቤትህ ሂድ። በአንድ ገጽ የወጣውን፣ በሌላው የገባውን፣ በየወሩ ጻፍ፤ ከጎተራ ለቤት የሚወጣውን እህል በቁና ስፈር፤ የላሟን ወተት ለክተህ ከመኖዋ ጋር አስተያይ። አባትህ ምናልባት «በረከቱን ልታርቅብኝ ነውን?» ይሉሃል። አትከራከራቸው፤ ወንጌል ግንብ ለመሥራት ስላሰበው ሰው የሚናገረውን ምሳሌ እርሳቸው ካንተ ይልቅ ያውቁታል። ባለፈው ሐምሌ ስንት ቁና ጤፍ፣ በስንት ብር እንደ ገዙ ብቻ ጠይቃቸው። ያንን ሳይጻፍም አይረሱትም።