መምህሩና የእጅ ስልክ

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ብዙ ዘመን በጠመኔና በሰሌዳ ያስተማሩ መምህራን ትምህርታቸውን በእጅ ስልክ ወደ መላክ ገቡ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ስልኩን ለመነጋገር ካልሆነ በቀር ለሌላ ሥራ አንሥተውት የማያውቁ ነበሩ። ቴሌግራም የተባለውን የመላላኪያ መንገድ ከገዛ ልጁ የተማረ መምህር ቢኖር፥ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ይሁን እንጂ የቆየ መምህር አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ፊቱን ቢያጠቁር ስንፍና ነው ማለት አይገባም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባ ጊዜ፥ ትምህርቱ በሳተላይት ከሩቅ እየመጣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰጥ ነበር፤ ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ለማቆምም ሆነ ለማስደገም አይቻልም ነበር። መምህሩም አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ከጥግ ቆሞ ተመልካች ሆነ።

በስልክ የሚላከው ትምህርት ግን የሚነገረው በመምህሩ በራሱ አንደበት ነው። ረጅም ጽሑፍ በጣቱ መልቀም የከበደው እንደ ሆነ ድምፁን ቀርጾ ይልካል፤ ድምፅም ከተንቀሳቃሽ ሥዕል ይልቅ ለኢንተርኔት የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። ተማሪውም ደጋግሞ ይሰማል፤ ንባቡንም ቀርጾ ቢመልስ መምህሩ የሳተውን ያቀናለታል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም፤ የኔታ መጽሐፉን ሳይመለከቱ፥ ደቀ መዝሙሩ ሲያነብ የጣለውን ፊደል በጆሮአቸው ብቻ ይዘው ሲያርሙ የኖሩ ናቸውና።

የሚጐድለው የተማሪው ፊት ነው። የቆየ መምህር ገብቶኛል የሚለውን ልጅ ዓይኑን አይቶ አልገባህም ይለዋል፤ በተቀረጸ ድምፅ ግን ይህን ማየት አይችልም።

የወላጅ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈቱም በኋላ የቤት ሥራን በስልክ መላክ ፈጽሞ አልቀረም። በቤት ያለው ስልክ አንድ ብቻ ሆኖ አባት ይዞት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ፥ የልጁ ትምህርት አብሮት ሄዶ ይውላል። ማታም ታላቁ ወንድም ስልኩን ይዞ እኅቲቱ ወደ ማድ ቤት የምትላክ ከሆነ፥ መምህሩ የደከመው ለአንዱ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አባት ወይም እናት ለየልጁ ሰዓት ለይተው ስልኩን ይስጡ፤ አብረውም ተቀምጠው ድምፁን እየሰሙ የልጁን ፊት ይመልከቱ፤ ግራ የተጋባበትንም ስፍራ ለመምህሩ ይላኩለት። ስልክ የሌለው የጎረቤት ልጅ ቢኖር ጠርቶ አብሮ ማስማት ተጨማሪ ወጪ የለበትም።