ለምን 10 እጥፍ? ለምንስ 15?

በዚህች አገር ስለ መሬት ያልተናገረ ፖለቲከኛ የለም። ክርክሩ «ይሸጥ» እና «አይሸጥ» በሚሉ ሁለት ጎራዎች እንደተከፈለ ዘመናት ነጉደዋል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን በደስታ ሰልፍ የወጡት ወጣቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ለዛሬ ከሁለቱም ጎራ አልሰለፍም። የማነሣው ጥያቄ አነስ ያለ ነው፤ ይህን ክርክር በማስረጃ ሊመግቡ የሚገባቸው ወጣት የንብረት ሕግ ተመራማሪዎች ለምን እርስ በርስ አይተዋወቁም?

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። መሻሻል ነው፤ አልክድም። ግን 10 ከየት መጣ? 15ስ? ካሳውን የተቀበለው ገበሬ ከ5 ዓመት በኋላ በምን ይተዳደራል? ገንዘቡ ወደ ሱቅ ገባ፣ ወደ ሠርግ ገባ ወይስ ወደ ጎጆ ግንባታ? ሚስቱስ ከካሳው ድርሻዋን በእጇ አይታዋለች? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 «ተመጣጣኝ ካሳ» በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ ተመጣጣኝነቱን የሚለካው ግን ሕጉን ያረቀቀው ሰው ግምት ሳይሆን ከመነሣት በኋላ ያለው ኑሮ ነው።

ይህን አንድ ተመራማሪ በአንድ ወረዳ አጥንቶ ሊመልሰው አይችልም። መጠይቁ አንድ ሆኖ፣ ጊዜው ተቀራርቦ፣ በ15 ወረዳዎች 15 ተመራማሪዎች ቢጠይቁ ግን መልሱ ክብደት ይኖረዋል። አሁን የሚሆነው ሌላ ነው። ወጣቱ መምህር በሚያስተምርበት ከተማ አቅራቢያ ያሉ ተነሺዎችን ያነጋግራል፣ የማስተርስ ጽሑፉን ይጽፋል፣ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለው ባልደረባውም ያንኑ ርዕስ በሌላ ስሌት እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለቱን ጥናቶች ማወዳደር ማሽላን ከስንዴ ጋር በአንድ ቁና እንደመስፈር ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። የሕግ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሕግ መጽሔቶቹም በአብዛኛው እንዲሁ። ዳኛው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ የክልል ቋንቋ ይፈርዳል፤ አስገዳጅ የሆኑት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችም በአማርኛ ቅጾች ይታተማሉ። የክልል የገጠር መሬት አዋጆች ይለያያሉ፤ የአንዱን ክልል ሕግ በቋንቋው አንብቦ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው ከሌለ «የኢትዮጵያ የመሬት ሕግ» የሚል ርዕስ የያዘው ጽሑፍ የአንድ ክልል ሕግ ሆኖ ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግም አሁን ድረስ በሥራ ላይ ነው፤ ከመሬት አዋጆቹ ጋር የሚጋጭባቸውና የሚስማማባቸው ቦታዎች ግን አንድ በአንድ ተለቅመው አላለቁም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ካልተደረገ ይጸናል ወይ የሚለው የአንቀጽ 1723 ጥያቄ ብቻውን ስንቱን ቤት ገዢ እንዳንከራተተ ጠበቆች ያውቃሉ።

ታዲያ ማኅበር እናቋቁም? እባካችሁ፣ አይሁን። ሊቀ መንበር፣ ማኅተም፣ አርማ፣ ከዚያም በሆቴል አዳራሽ ባነር ተሰቅሎ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት፤ አበሉ ሲያልቅ ማኅበሩም ያልቃል። በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፕሮፌሰር ቫን ደር ዋልት በያዙት የንብረት ሕግ የምርምር ወንበር ዙሪያ በርካታ የዶክትሬት ተማሪዎች ተሰባስበው ነበር። ከዚያ መውሰድ ያለብን ወንበሩን ሳይሆን ልማዱን ነው፦ በአንድ ጥያቄ ላይ ለዓመታት መቆየትንና ያላለቀ ጽሑፍን ለባልደረባ ማሳየትን። እኛ ዘንድ ያላለቀ ጽሑፍ ማሳየት ነውር ይመስላል፤ «ሐሳቤን ይሰርቁኛል» የሚል ፍርሃትም አለ።

ከዚህ የከፋ ፍርሃትም አለ፤ ስለ እርሱ ዝም ማለት አልፈልግም። መሬት ገንዘብ ነው፣ ሥልጣንም ነው። በከተማው ዳርቻ ማን ተነሣ፣ ቦታው ለማን ተሰጠ ብሎ ብቻውን የሚጠይቅ ጀማሪ መምህር ሥራውን አስቦ ብዕሩን ያስቀምጣል። ያው ጥያቄ በአንድ መጠይቅ በብዙ ከተሞች ሲጠየቅ ግን የአንድ ሰው ድፍረት መሆኑ ይቀርና መደበኛ ጥናት ይሆናል፤ የአንዱን የወረዳ ሹም ዐይን ብቻ አይስብም።

ጊዜውም ይጠይቃል። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ክልሎች ሕጎቻቸውን ከእርሱ ጋር ማጣጣም አለባቸው። የቀድሞው ኑሮ ሳይመዘገብ ካለፈ የኋላው ንጽጽር መነሻ አይኖረውም። የመጀመሪያውን መጠይቅ ለማርቀቅ 3 ሰዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዱ ከጅማ ቢሆኑ የ3 ክልሎች ሕግ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።