ከበሮ የሚያስጨንቀው ልጅና የጥምቀት በዓል

ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ፥ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር፥ ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ደወሉ፥ እልልታው፥ ከበሮውና የጐበዛዝቱ ሆታ ባንድ ጊዜ ይነሣል። ለብዙው ሰው ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ከእናቱ ነጠላ ሥር የሚንቀጠቀጥ ልጅ አይታጣም። አባቱ በሰው ፊት ያፍርበታል፤ ጎረቤቱ ፈሪ ነው ይላል፤ ክፉ መንፈስ ይዞት ነው የሚልም አለ። በሚመጣው ዓመት ልጁ ከሞግዚት ጋራ ከቤት ይቀራል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል፥ ለገዛ አገሩ ልጅ ባዕድ ይሆንበታል ማለት ነው።

ነገሩ ፈሪነት አይደለም። ለሌላው ደስ የሚያሰኘው ድምፅ እንደ ሕመም የሚሰማው ልጅ አለ፤ ይልቁንም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በቁጣና በጉተታ አይለቀውም። ጠባዩ በድንገት የጀመረው ወይም ጆሮውን የሚያመው እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

እንደ እኛ አሳብ ለዚህ ልጅ ከሁሉ የሚረዳው የማኅሌቱ ሥርዓት ራሱ ነው። ሊቃውንቱ በከበሮ አይጀምሩም። መጀመሪያ ቁም ዜማው በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፤ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ በጽፋት ደግሞ ምቱ ይፈጥናል፥ ጭብጨባም ይጨመራል። ይህን ተራ ከበዓሉ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ በቤቱ ያጠና ልጅ፥ መቋሚያው ሲወዛወዝ ባየ ጊዜ ከበሮው እንደሚከተል ያውቃል፤ ድንጋጤውም ይቀንስለታል። በስልክ የተቀዳውን ማኅሌት መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ፥ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ከፍ እያደረጉ ማሰማት ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውም ልጁ ራሱ ይሁን። ከበሮ የሚገኝ እንደ ሆነ በገዛ እጁ ይምታው። ሰው በራሱ እጅ ከሚያሰማው ድምፅ እምብዛም አይደነግጥም።

በዕለቱ ዋናው ነገር ቦታ ነው። በገላጣ ስፍራ ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ፥ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አንኮበር ተራራማ አገር ናትና ከዳገቱ ላይ ሆኖ ሰልፉን ቍልቍል ማየት ይቻላል፤ በደብረ ብርሃን ሜዳ ግን ወደ ኋላ መራቅ ነው። ከድምፅ ማጉያ ፊት ፈጽሞ አይቁም። (ከከበሮው ይልቅ እርሱ ብዙ ልጅ ያስለቅሳል ብንል ሐሰት አይሆንብንም።) የጆሮ መከለያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቢያደርገው ጆሮው ጸጥታን ለምዶ ይብስበታልና፥ ድምፁ ሲበረታ ብቻ ይሁን።

ከቤት ሳትወጡም ምልክት ተስማሙ፤ ለምሳሌ የአባቱን ጋቢ ሁለት ጊዜ ቢስብ እንሂድ ማለቱ ይሁን። በሳበ ጊዜ፥ ከመኳንንት ጋራ ቆማችሁ ስትነጋገሩ እንኳ ቢሆን፥ ያለ ክርክር ተነሡ። ቃሉ አንድ ጊዜ ከፈረሰበት በሚመጣው ዓመት እሺ ብሎ አይወጣም። ጥር 10 ቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ቆሞ የተመለሰ ልጅ በ11 ደግሞ ይሞክር፤ በ12 ቀንም የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ ሌላ ዕድል አለው።