«ሊፖዞም አለው» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ክሬም ሻጩ ሁሉ «ሊፖዞም ስላለው ቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል» እያለ ደሞዛችሁን ይበላል። ኧረ በናታችሁ! ሊፖዞም እኮ ከረጢት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ ፎስፎሊፒድ ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሹ ሁለት የፋቲ አሲድ ጭራዎች አሉት። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ይሸሸጉና በዓይን የማትታይ ከረጢት ትሠራለች። በቃ! ጥያቄው ምን ተጫነባት፣ ስንት ተጫነባት፣ የትስ ደረሰች ነው።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በሞቱ ሴሎችና በስብ የተገነባ ግድግዳ ነው። ተራ ሊፖዞም አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈርስ አያልፈውም። ስቡ ቆዳ ያለሰልስ ይሆናል፤ ይሄንንማ ቫዝሊንም ያደርገዋል፣ ያውም በርካሽ።

ሳይንሱን መናቄ አይደለም። አምቢዞም የሚባለው የካላ አዛር መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ በሊፖዞም ተጭኖ ነው፤ ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የቀነሰው በዚህ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው ለሚታመሙ፣ በተለይ ኤችአይቪም ላለባቸው፣ በደም ሥር ይሰጣል። ብልቃጡ ላይ 50 ሚሊግራም ተብሎ ተጽፏል።

የናንተ ክሬም ላይስ? የተጫነው ምንድነው? ስንት ሚሊግራም? ሻጮች፣ እስቲ እዚሁ ጻፉልን።