ያልታተመ አይደገምም!

ጳጉሜን በገባች ቁጥር እዚህ ገረሴ የማይቀር ነገር ቢኖር ክርክር ነው። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ቡና ቤት እንሰበሰብና «የዓመቱ ምርጥ አልበም የቱ ነው?» ብለን እንፋጠጣለን። አንዱ አሥር አልበም በደረጃ ጽፎ ይመጣል። ሌላው «ሦስተኛውን አንደኛ ካላደረግህ አታናግረኝ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሌላው ደግሞ «አልበም ሞቷል፤ ጊዜው የነጠላ ዜማና የዩቲዩብ ነው» ይላል። ጥግ የያዘው የ«ወርቃማው ዘመን» አማኝ ሁላችንንም ገርመም አድርጎ «ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሙዚቃ የት አለና!» ይለናል። እሱ ራሱ የተወለደው ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ነው።

አንዋሽም፤ ይህን ክርክር እንወደዋለን። በጋዜጠኝነት ተመርቀን ያለ ደመወዝ የምንሠራው አንዱ ሥራ እሱ ነው። ዘንድሮ ግን መሃል ላይ አንድ ነገር ዝም አሰኘን። በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ እኛ ያደግንበት ድምፅ አንድም ቦታ የለም። ተሸንፎ አይደለም። ውድድሩ ውስጥም አልገባም።

ዓመቱ የማን ነው?

እስቲ ከቀኑ እንጀምር። የውጭዎቹ ሐያሲዎች ዝርዝራቸውን የሚያወጡት ዓመታቸው ሲያልቅ፣ በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የእኛ ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜን ነው። በጋሞ ደግሞ እውነተኛው የዓመት መለወጫ ማስቃላ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለስበት፣ «ዮ ማስቃላ» የሚባባልበት።

ቀኑ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። በካሴት ዘመን አልበም የሚወጣው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በጳጉሜን የወጣ አልበም ታዲያ የየትኛው ዓመት ነው? በቅጡ ሳይደመጥ በአሮጌው ዓመት ይዳኛል፣ ወይም በሚቀጥለው ጳጉሜን ተረስቶ ይገኛል። የለዛ የሬዲዮ ፕሮግራም በአድማጮች ምርጫ የዓመቱን አልበም ለዓመታት ሲሸልም ቆይቷል፤ ቢያንስ ድምፅ የሚሰጠው አድማጩ ነው። ያም ሆኖ አድማጭ ሊመርጥ የሚችለው የደረሰውን ነው።

የሽያጭ ሰንጠረዡም ያው ነው። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ እኛም ጨፍረናል። ግን ያ ሰንጠረዥ ገረሴን አልቆጠረም፤ ሊቆጥርም አይችልም። እዚህ ዘፈን የሚሸጠው የሞባይል ቤት ውስጥ በሚሞሪ ካርድ ነው። ለጥቂት ብር ከሙሉቀን እስከ ትናንት የወጣው ድረስ ተቀላቅሎ ይጫንልሃል። የአልበሙ ስም የለም፣ ቅደም ተከተሉ የለም፣ ዓመቱ የለም። ይህ ማዳመጥ ካልተባለ ማዳመጥ ምን እንደሆነ ይነገረን።

«ወርቃማው ዘመን» ማን ያተመው?

አሁን ወደ ጥግ ወደ ተቀመጠው ወዳጃችን እንምጣ። እሱ የሚሳለምለት ዘመን ወደ ጆሮው የመጣው በድጋሚ ኅትመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ቤልጅየም ውስጥ ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ አዘጋጀ። ሙላቱ አስታጥቄ በአራተኛው ዓለምን ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥም ተደመጠ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 ድጋሚ ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ።

እዚህ ላይ «ፈረንጅ ዘረፈን» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰነፍ ክርክር ነው። ማን ስንት ብር አገኘ የሚለው በውል ወረቀት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ፋልሴቶ ያንን ሙዚቃ ከአየር ላይ አላፈሰውም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የሰጠውን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ችላ ብሎ በገዛ እጁ ማሳተም ስለጀመረ ነው የሚደገም ነገር የተገኘው። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞች አሳተመ። አምሃ ባያትም ኖሮ ዛሬ «ወርቃማ ዘመን» የምንለው የጥቂት አዛውንቶች ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህችን አረፍተ ነገር እባካችሁ ደግማችሁ አንብቧት፤ የእኛ ነገር ያለው እሷ ውስጥ ነው። ያልታተመ አይደገምም።

ጎረቤት ተቀረጸ፣ እኛስ?

ከደራሼ ማዶ ያለችው ኮንሶ በኢትዮፒክስ 12ኛው ቅጽ ሙሉ ሲዲ አላት። ከማሕሙድና ከጥላሁን ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ «የገጠር ዘፈን የሙዚየም ነው እንጂ የአልበም አይደለም» የምትሉን ወንድሞች ክርክራችሁ ያኔ አልቋል።

ጋሞም ጨርሶ አልተቀረጸም አንልም። የዶርዜ ኅብረ ዜማ የውጭ ተመራማሪዎችን ያስደመመው ገና ዱሮ ነው፤ በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ በሸክላ ታትሟል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ከሥሩ ሌላ ዜማ ያስገባል፣ ሦስተኛው በመሃል ይቆርጣል፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ አንድ ላይ ይቆማል። ያ ሸክላ ግን የፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንጂ ጨንቻ ገበያ አልተሸጠም። በሽሮ ሜዳ ድንኳንና ጓዳ ሸማ እየሠሩ ያንኑ ዜማ የሚያንጎራጉሩ ሸማኔዎችም እጃቸው አልገባም። የራስህን ድምፅ ለመስማት ቪዛ ካስፈለገህ ታትሟል ማለት ይቻላል?

«ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለን አለ። አዎ፣ በጋሞኛ የሚዘፍኑ ልጆች ክሊፕ ይጭናሉ፤ እናደንቃቸዋለን። የማስቃላ ጭፈራም በስልክ ተቀርጾ ይለቀቃል። ከሥሩ ግን ማን እንደዘፈነ፣ የት መንደር እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ የጻፈ የለም። ቻናሉ የተዘጋ ቀን ሁሉም አብሮ ይጠፋል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኙም ለድምፅ አሳታሚውም 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስሙ ያልተጻፈ ዘፋኝ ግን መብቱን በምን ያስመሰክራል?

ይህን የምንለው ከራሳችን ጥፋት ተነስተን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስቃላ ሰሞን አንዲት አዛውንት እናት ዘፈን ሲመሩ አገኘናቸው። ሴቶቹ ከኋላ እየተቀበሉ፣ እሳቸው ከፊት እያሻሩ፣ እኛ ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን ዜማ ያወጡ ነበር። ስልካችንን አወጣን። «ማከማቻው ሞልቷል» አለን። የሞላው በምን እንደነበር እንንገራችሁ? ለዝርዝራችን ባወረድናቸው አልበሞች። «ለከርሞ እንመጣለን እማማ» ብለን ሳቅን። ለከርሞ ስንመጣ አልነበሩም። ያ ዜማ አሁን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አንደኛም መቶኛም አይወጣም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ዝርዝር የምታወጡ ወዳጆቻችን፣ አውጡ፤ ግን ከላይ ማን እንደመረጠ፣ የት ሆኖ እንደሰማና ዓመቱን ከየት እስከ የት እንደቆጠረ ጻፉ። «የኢትዮጵያ ምርጥ» ከማለት «የእኛ ሠፈር ምርጥ» ማለት ክብር አይቀንስም።

ድጋሚ የምታትሙ፣ ሸክላው ለአሰባሳቢ ይሁን፤ ነገር ግን እዚሁ አገር ሰው በአቅሙ ገዝቶ የሚሰማበትን መንገድ አብራችሁ አስቡ። የዘፈነውን ሰው ወይም ወራሹን ሳታገኙ አታትሙ።

እኛ ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ኅትመት ከማንም አንጠብቅም። በዚህ ማስቃላ ስልካችንን ባዶ አድርገን እንወጣለን። ፈቃድ ጠይቀን እንቀርጻለን፤ የዘፋኙን ስም፣ መንደሩንና ቀኑን እንጽፋለን፤ ቅጂውን መጀመሪያ ለዘፈኑት ሰዎች በሚሞሪ ካርድ እንሰጣለን። አርባ ምንጭ፣ ጨንቻ፣ ካምባ ያላችሁ፣ እናንተም በየሠፈራችሁ ጀምሩ።

በጳጉሜን ደግሞ ቡና ቤት እንገናኝ። ክርክሩን አንተወውም። ያኔ ግን ጥግ ለተቀመጠው ወዳጃችን የምናሰማው ነገር በኪሳችን ይኖራል።