ሰይድ በምን ይጻፋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትወርዱ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ፣ ጠመዝማዛውን ጨርሳችሁ ሙቀቱ ፊታችሁን መግረፍ ሲጀምር ሸዋ ሮቢት ተቃርባችኋል ማለት ነው። ያገሬው ሰው «ሮቢት» ብሎ ይጨርሳል። በላቲን ፊደል ግን ከተማችን አንድ መልክ የላትም። «ሸዋ» አንዴ በኢ፣ አንዴ በኦ ይጻፋል፤ «ሮቢት» አንዴ ከነቲው፣ አንዴ ያለ ቲ፤ ሁለቱ ቃላት አንዴ ተለያይተው፣ አንዴ ተጣብቀው። ካርታው አንድ ይላል፣ የፕሮጀክት ሰሌዳው ሌላ፣ እናንተ ፓስፖርት ላይ የትውልድ ቦታ የሚለው መስመር ደግሞ ሌላ። አውቶቡሱ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ሮቢት ያለችበት ይፋትም ያው ነው። የደማስቆው አል ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በሐበሻ ምድር ስለነበሩት የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ «አውፋት» ብሎ መዝግቦታል። የዛሬዎቹ የውጭ መጻሕፍት ግማሾቹ ስሙን ከአይ ይጀምሩታል፣ ግማሾቹ ከዋይ። ይፋትን ይገዙ የነበሩት የወላስማዎች አገር በዚህ ምክንያት አልጠፋም፤ ማሽላውም፣ ማሾውም፣ ሽንኩርቱም በየዓመቱ ይደርሳል።

አገር ይህን ሁሉ ይችለዋል። ልጅ ግን አይችልም፤ ልጅ ፋይል አለው።

አንድ የሮቢት ሰው እናንሳ። ሰይድ እንበለው፤ በየመንደሩ አለና ማንንም አላማሁም። በዲቪ አሜሪካ ሲገባ ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በኢና በአይ ነበር የተጻፈው። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ሆስፒታል ውስጥ ቅጹን የሞላችው ሠራተኛ እንደሰማችው በኤና በአይ ጻፈችው። ሁለተኛው ሲወለድ ራሱ ሰይድ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ፣ በዋይ ሞላው። አሁን ትምህርት ቤቱ እህትና ወንድም መሆናቸውን አያውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው በሦስት የቤተሰብ ስም ይኖራል፤ እናትየዋ ስትጨመር አራት፣ ምክንያቱም እሷ እንደ አገራችን ወግ የራሷን አባት ስም ይዛ ነው የቀረችው። ልጇን ይዛ ድንበር ስትሻገር «ያንቺ ነው?» ትባላለች። የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ ከቦርሳችሁ የማይለይ እናቶች፣ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

የቤተሰብ ስም የሚባለውን ነገር ሕግ አውጪዎቻችን ሞክረውት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም ይኖረዋል ይላል። የቤተሰብ ስሙ ወረቀት ላይ ቀረ። እኛ በስምና በአባት ስም፣ ሲያስፈልግም በአያት ስም መጠራታችንን ቀጠልን። ለዚህ ነው ሯጩን ኃይሌን ዓለም በአባቱ በገብረ ሥላሴ ሲጠራው እኛ ጆሯችንን የሚቆረቁረን። ያውም የላቲኑ አጻጻፍ መካከል ላይ አንዲት ኢ ጎድላው ነው በየሪከርድ መዝገቡ የሰፈረው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ብዙው ከፈረንጅ ክፋት አይመጣም። የእኛ ፊደል ሰባት ቤት አለው፤ የላቲኑ አናባቢ አምስት ነው። ስለዚህ ግዕዙም ሳድሱም ኃምሱም ኢ የምትባለው አንዲት ፊደል ጀርባ ላይ ይጫናሉ። እንዳለ የሚለውን ስም ጻፉና እዩት፦ መጀመሪያ ላይ ያለችው ኢ ሳድስ ናት፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ግዕዝ፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን አንድ ናቸው። ጠና ተ፣ ቀና ከ እንዲሁ ይምታታሉ። ጦይባ «ቶይባ» የምትባለው ለዚህ ነው። ምሁራን ከፊደሉ ሥር ነጥብ፣ ከጎኑ ጭረት ያደርጋሉ፤ ፓስፖርት ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነበው መስመር ግን ለስም ከኤ እስከ ዜድ ካሉት 26 ፊደላት በቀር ምንም አይቀበልም። ማጥበቅና ማላላትማ በራሳችን ፊደልም አይታይ። በ1990 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ የተወለደውን፣ ዘ ዊኬንድ እየተባለ ዓለም ያጨበጨበለትን አቤል መኮንን ተስፋዬን ተመልከቱ። በአማርኛ «መኮንን» ስንል የምትጠብቀው ነ ናት፤ በእሱ ስም ላይ የተደረበው ግን ኬ ነው። የጥብቀቱን ነገር አንድ ሰው አስቦበታል፣ ቦታውን ብቻ ስቷል። እኔ እንዲያውም ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ መሞከሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እንግሊዝኛው ብቻ ቢሆን ደግሞ ቀላል ነበር። ጌታቸው አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ሮም ላይ «ጄታኬው»፣ ፓሪስ ላይ «ዤታሼው» ይሆናል። ጀማል ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ሲገባ «የማል» ተብሎ ይጠራል፤ እዚያ ጄ የምትነበበው እንደ የ ነውና። ዐረብኛ ደግሞ ጨም ፐም የለውም። ዘመዶቹ በሦስት አህጉር የተበተኑበት የይፋት ቤተሰብ ለልጅ ስም ሲያወጣ ስንት አፍ ማሰብ እንዳለበት ገምቱ።

ዐረብ አገር ያለው ጉዳይ ግን ከአፍ ያልፋል። ከሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከማጀቴ፣ ከከሚሴ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት መሄድ ከጀመሩ ቆይቷል። ደላላው ቪዛው ቶሎ እንዲወጣ ብሎ ስም የቀየረላቸው ብዙ ናቸው። ክርስቲያኗ የሙስሊም ስም ይዛ፣ ያልደረሰችው ዕድሜዋ ተጨምሮላት ትሄዳለች። ይፋት ውስጥ ነገሩን ቀለል አድርገን ያየነው ይመስለኛል፤ ሙስሊም አያት ያለው ዲያቆን፣ ክርስቲያን አያት ያለው ሼህ ባለበት አገር ስም ሃይማኖትን አያጋልጥም፣ የጎረቤት ስምም እንደ ባዕድ አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ልጅ ሲወለድ ነው። የልጁ ወረቀት ላይ የእናት ስም ተብሎ የሚሞላው ደላላው የሰጣት ስም ይሆናል። እናት ስሟን ለማስመለስ ልጇን ወረቀቱ ላይ ካለው የእናት ስም ማፋታት ሊኖርባት ነው። ይህን የፊደል ስህተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

«ስም እኮ ድሮም ይለወጣል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኢድሪስን እንድሪስ፣ ፋጢማን ፋጡማ፣ ኸዲጃን ከድጃ ያልነው እኛ ነን። ይሁንና እንድሪስን ሮቢትም ከሚሴም ደሴም አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚጠራው፤ እናቱም ዳኛውም እኩል ያውቁታል። ለሁለት ልጆች ሁለት ዓይነት ሰይድ የሚያወጣ ቅጽ ሌላ ነገር ነው።

ስም ከይፋት ወጥቶ ስንት ዘመን ሊዘልቅ እንደሚችል ማወቅ የፈለገ ካይሮን ይጠይቅ። በ1798 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ግብፅን ሲይዝ ያየውን በየዕለቱ የመዘገበው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል ጀበርቲ ይባላል። በ1753 ካይሮ ተወለደ፣ በ1825 ሞተ። ጀበርት የጥንቶቹ ዐረብ ጸሐፊዎች ከይፋትና ከዘይላ ጋር አያይዘው የሚጠሩት ምድር ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ከዚያ መጥተው በአል አዝሃር ለጀበርት ተማሪዎች በተለየው ክፍል በኃላፊነት ያገለገሉ ናቸው። ግብፆች ጀን ገ እያሉ ስለሚናገሩ ካይሮ ላይ «ገበርቲ» ነው የሚባለው፤ አፋቸው እንደ አመሉ ይጥራው እንጂ ቤተሰቡ አጻጻፉን አልለቀቀም። አባቱ ሐሰንም በዚያው ስም የታወቀ ሊቅ ነበር። ፓስፖርት ሳይኖር፣ ሲስተም ሳይኖር፣ ከአባት ወደ ልጅ አንድ አጻጻፍ ወረደ።

እኛስ? እስቲ ወደ ራሳችን እንዙር። እናቱ ሮቢት ያሉ አንድ ልጅ ከዴንቨር ብር ይልካል። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ባንክ ይሄዳሉ፣ ወረፋ ይይዛሉ፣ ልጁ በስልክ የነገራቸውን ሚስጥር ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ገንዘብ ከፋዩ መታወቂያውን ያያል፣ ኮምፒውተሩን ያያል፣ ደግሞ መታወቂያውን ያያል። «እማማ፣ ስሙ አልገጠመም፤ ልጅዎ ያስተካክል።» በዚያች ሰዓት ዴንቨር ሌሊት ነው። የቀበሌ መታወቂያው በአማርኛ ነው፤ ልጁ የእናቱን ስም በላቲን ሲጽፍ ባለፈው በአንድ ኤፍ፣ ዘንድሮ በሁለት፣ ባለፈው ከአባታቸው ጋር፣ ዘንድሮ በባላቸው ስም አድርጎታል። የገዛ እናቱን! ይኸው ልጅ አንድ ቀን አስተማሪዋ የልጁን ስም አጣማ ጻፈች ብሎ ፌስቡክ ላይ ሲያማርር አይቼዋለሁ። ማማረሩ ልክ ነው፤ ግን ከቤቱ ይጀምር።

ሁለተኛው የራሳችን ጣጣ ይሉኝታ ነው። ነርሷ «እንዲህ ነው የሚጻፈው?» ስትል ሳናይ ራሳችንን እንነቀንቃለን። አስተማሪው ስማችንን ሰባብሮ ሲጠራው «ምንም አይደል፣ እንዳመቻችሁ» እንላለን፤ ሰው እንዳናስቸግር፣ እንግሊዝኛችን እንዳይሰማብን። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። አባቱ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ «አቤት» ማለቱን ያያል፣ እሱም በስድስት ዓመቱ «አቤት» ማለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ «ስምህን አክብር» ብንለው ከምን ያመጣዋል?

ከስህተት ለመሸሽ ብለው ለፈረንጅ አፍ የሚመች አጭር ስም ፍለጋ የሚሄዱም አሉ። ሊያ፣ ማያ፣ ኖኅ፣ ናታን። ስሞቹ አስቀያሚ ናቸው አልልም፤ ማንም ለልጁ የወደደውን ያውጣ። በፍርሃት ብቻ ሲወጣ ነው የሚያሳዝነኝ። አንዲት ልጅ በአያቷ በፋጡማ ወይም በዘነበወርቅ ልትጠራ ታስቦ፣ «ማን ይጽፈዋል» ተብሎ የቀረበትን ቤት አውቃለሁ። እኔ ብሆን ስሙን አውጥቼ ስህተቱን ስታገል ብኖር እመርጣለሁ። ተሳስቶ የተጻፈ ስም ይታረማል።

ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አባት ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ አስቀያሚ ቢሆን እንኳ ለልጁ ያንኑ፣ ፊደል በፊደል፣ አውርዱት። ልጁ ሲወለድ «አሁንስ በትክክል እንጻፈው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አባትና ልጅ ወረቀት ላይ የሚለያዩት ያን ጊዜ ነው። ማሳመር ካማራችሁ የልጁን የራሱን ስም አሳምሩ፣ እዚያ ነፃ ናችሁ። የእርግዝናው ወራት ሳያልቅ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም በፊደልም በላቲንም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ሆስፒታል ውስጥ በአፍ ከመናገር ወረቀቱን ማሳየት ይሻላል። ተሳስቶ ከመጣም ዕለቱን አሳርሙ፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በመጀመሪያው ዓመት ማረም ከዚያ በኋላ ከማረም ይቀላል። ክርስትና ስታስነሡ የምስክር ወረቀቱ ላይ የዓለም ስሙ በአማርኛ በትክክል መጻፉን እዩ፤ ዓቂቃ ስታወጡም የልጁን ስም በአማርኛ ጽፋችሁ ከወረቀቶቹ ጋር አስቀምጡ።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ደግሞ ቁጣ ብዙም አይሠራም። ዓመቱ ሲጀመር አጭር ደብዳቤ ከፓስፖርት ኮፒ ጋር ለጽሕፈት ቤቱ መላክ፣ ለአስተማሪዋ ስሙን በድምፅ ቀድቶ መላክ ብዙ ነገር ያቃልላል። ልጁ የአባቱን ስም ፊደል በፊደል፣ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ እያለ እንዲቆጥር በጨዋታ አለማምዱት። ሁለተኛ ጊዜ ሲሳሳቱበትም ራሱ ያርም፤ እናንተ ከኋላው ቁሙ። ፊደሉን ካላወቀ ግን ይህ ሁሉ ግማሽ ነው። ስሙን በአማርኛ መጻፍ የማይችል ልጅ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ በምን ይወቅ?

ነገሩ ትምህርት ቤት ላይ አያበቃም። ልጁ አድጎ የአያቱን አገር ማየት ሲያምረው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ የእሱ የልደት ወረቀትና የአባቱ የድሮ ፓስፖርት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አባት ካለፈ በኋላ ሮቢት ላይ ያለችው ቤት ወይም ቦታ ስትነሳ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ፊት ቀርቦ በኤና በአይ የተጻፈው ሰይድ፣ በዋይ የተጻፈው ሰይድና በአማርኛ የተጻፈው ሰይድ አንድ ሰው ናቸው ብሎ በምስክር የሚያስረዳው ልጁ ነው። ያን ጊዜ የሚቀርቡት ምስክሮች ደግሞ ዛሬ በሕይወት ያሉት የሰፈር አዛውንት ናቸው፤ ስለዚህ ዘንድሮ ለመስቀል ወይም ለዒድ የምትገቡ ሰዎች ወረቀታችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ የስሙንም ጉዳይ እነሱ እያሉ ጨርሱት።