የፀሐይ ፓምፑን ማን ያቁመው?

የደሴው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋው ላይ የዘነበውም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትሎ በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ይወርድና ሜዳው ላይ በተከማቸው ጠጠርና ደለል ውስጥ ይሰርጋል። የይፋት ቆላ ዋና ሀብት ይህ ከመሬት በታች ያለ ውሃ ነው። የበጋው ሽንኩርት የሚበቅለው በወንዙና በእርሱ ነው፤ ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው።

የፀሐይ ፓምፕ ወደዚህ ቆላ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ያለቀለት ይመስለኛል፤ ይግባ። ገና ያልተነሣው ጥያቄ፣ ከገባ በኋላ ማን ያቆመዋል የሚለው ነው።

የነዳጅ ሞተር ያለው ገበሬ ሲያጠጣ ጆሮው ሞተሩ ላይ፣ ሐሳቡ ኪሱ ላይ ነው። በተለይ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ፣ የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። ጢሱና ወጪው ክፉ ቢሆንም ለከርሰ ምድሩ ውሃ ልጓም ሆኖ ቆይቷል። የፀሐይ ፓምፕ ይህን ልጓም ይፈታዋል። አንዴ ከተገዛ ለሚቀጥለው ባልዲ የሚከፈል ነገር የለም። ለዚያውም ፀሐይ የምትበረታው፣ ወንዙ የሚሳሳውና ሽንኩርቱ የሚጠማው በአንድ ወቅት፣ በበጋ ነው። ውሃው ሲሸሽ ቀድሞ የሚደርቀው ደግሞ የጎረቤት የመጠጥ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ትንሽ ነውና።

ለመጠጥ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ይቆማል። እዚያ ያለው ፈተና የጥገና ነው፦ ፓነሉ ለዓመታት ይቆያል፣ ፓምፑና መቆጣጠሪያው ግን ቀድመው ይበላሻሉ። ከቦኖው ላይ በጄሪካን የተሰበሰበችው ገንዘብ ለመለዋወጫ ካልተቀመጠች ሴቶቹ ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል። ይኸው አዋጅ ግን በእጅ የተቆፈረን ጉድጓድና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። ውሃ በገመድና በባልዲ በሚወጣበት ጊዜ ይህ ትክክል ነበር። ዛሬ ጉድጓዱ በእጅ ይቆፈራል፣ ውሃው ግን በእጅ አይወጣም። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006ም ቢሆን የጋራ ቦይ ላለው ሰው እንጂ በየማሳው ጥግ ለብቻው ለሚስበው ብዙ አይረዳም።

በህንድ ጉጃራት የዱንዲ መንደር ገበሬዎች ከፓነላቸው የተረፈውን ኃይል ለመብራት መስመር ይሸጣሉ፤ ውሃውን መሬት ውስጥ መተው ገንዘብ ያስገኝላቸዋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ የመብራት ኃይል ከገበሬ እስኪገዛ መጠበቅ ግን ረጅም ነው። የሚቀርበው መንገድ ብድሩ ነው። ለፓምፕ መግዣ የሚያበድር ሁሉ ከቦኖና ከመጠጥ ጉድጓድ ያለውን ርቀት ይጠይቅ፤ ቆጣሪ ሳይገጠም ገንዘብ አይልቀቅ። ማን ያነበዋል ለሚል፣ የውሃ አባት አለ። የቦይ ተራ ሲያከፋፍል የኖረ ሰው ቁጥር ማንበብ አያቅተውም፤ ከክረምት በፊትና በኋላ የጉድጓዶቹን ጥልቀት በገመድ ለክቶ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ማድረስም እንዲሁ። ለዚህ ሥራው ግን ይከፈለው፤ እስከ ዛሬ ብዙውን በነፃ ሠርቷል።